«ስብሰባው አልተከፈተም» ያልኩበት ቀን

ነገሩ የሆነው በመንደር ምሥረታው ዘመን ነው። ሰባ ስምንት ይሁን ሰባ ዘጠኝ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ወሩ ግን የካቲት እንደነበር አልረሳውም፤ የካቲት ሜዳው ደርቆ ለዓይን የሚያምርበት ወር ነው፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጆች ወልጃለሁ፣ አሳድጌ ድሬያለሁ፣ ጡረታም ወጥቻለሁ። «በሕይወትሽ ጎበዝ የሆንሽበት ቀን የቱ ነው?» ብትሉኝ ግን ሳላመነታ የምጠራው ያንን ቀን ነው።

ያን ጊዜ አምቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ታይፕ እመታለሁ፣ ደብዳቤ እመዘግባለሁ፣ ስብሰባ ሲኖር ደግሞ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። «ስብሰባ ሲኖር» ማለቴ ራሱ ያስቃል፤ ያልነበረበት ቀን መቼ ነበር? ሰኞ የሠራተኛ ማኅበር፣ ረቡዕ የውይይት ክበብ፣ እሑድ የቀበሌ፣ በመሀል ደግሞ «አስቸኳይ» የሚባል አለ። እኔ በሁሉም ላይ ደብተሬን ይዤ ጥግ እቀመጣለሁ።

በእነዚያ ስብሰባዎች ሁሉ አንድ ቀን እንኳን አፌን ከፍቼ አላውቅም ነበር። ሐሳብ ጠፍቶኝ አይደለም። የምናገረውን በልቤ አዘጋጃለሁ፣ አሳምረዋለሁ፣ ደግሜ አስተካክለዋለሁ። እጄን ላነሳ ስል ሰብሳቢው «ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ» ይላል። ወይም ሌላ ሰው ያንኑ የእኔን ሐሳብ አበላሽቶ ይናገረውና ይጨበጨብለታል፤ እኔም የእሱን ንግግር አቃንቼ እጽፍለታለሁ። የቢሮ ጓደኞቼ «ወይዘሪት ድምፀ ተዓቅቦ» የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበር። አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ያንገበግበኛል።

እርግጥ ፍርሃትም ነበረበት። ከእኛው ቢሮ አንድ ሰው በስብሰባ መሀል ያልተወደደ ጥያቄ ጠይቆ፣ ወር ሳይሞላው ወደ ሩቅ አውራጃ ተዛወረ። የዝውውሩን ደብዳቤ በታይፕ የመታሁት እኔ ራሴ ነኝ። ከአራት ግልባጭ ጋር።

ያን ቀን የሄድነው ከጉደር አለፍ ብሎ ወዳለ አንድ ገበሬ ማኅበር ነው። ሰብሳቢያችን ጓድ ታዬ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ወጣት ነበር። ከሌላ ክፍለ ሀገር ስለመጣ ኦሮምኛ አይችልም። እኔ አምቦ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ቢሆንም ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ያደግሁት በኦሮምኛ ነው። ስለዚህ የዚያ ቀን ሥራዬ ሁለት ነበር፤ ማስተርጎምና ቃለ ጉባኤ መያዝ።

አጀንዳው አንድ ብቻ ነው። በየኮረብታውና በየሸለቆው ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ በአንድ መንደር ሊሰበሰብ ነው። ቦታው አስቀድሞ ተመርጧል። ባለሙያዎች መጥተው ለጥ ያለ፣ ከአስፋልቱ የሚታይ ሜዳ አግኝተው፣ በገመድ ለክተው ችካል ተክለውበት ሄደዋል። የቀረው ገበሬው ተሰብስቦ «ተስማምተናል» እንዲል ብቻ ነበር።

በጠዋት ደረስን። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ወጥቶ ቀይ ጨርቅ ተነጥፎበታል። ሰዉ ገና እየመጣ ስለነበር እኔ ውኃ ፍለጋ አጠገቡ ወዳለ ቤት ጎራ አልኩ። የቤቱ እመቤት አዴ ጫልቱ ትባላለች፤ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ባሏ የሞተባት ሴት ነች። ውኃውን በጣሳ ሰጠችኝና በኦሮምኛ ሳመሰግናት ፊቷ በራ። ወዲያው ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እዚያ ሜዳ ላይ ልታሰፍሩን ነው የሚባለው እውነት ነው?» አለችኝ።

«እንደሱ ነው የሰማሁት» አልኳት።

«እሱ ሜዳ እኮ በክረምት ሐይቅ ነው! እኔ ሙሽራ ሆኜ የገባሁበት ቤት እዚያ ጠርዝ ላይ ነበር። በሐምሌ ውኃው ገብቶ፣ በቁመቴ ልክ ሆኖ፣ ግድግዳውን ይዞት ሄደ። የባሌን እናት በጀርባችን አውጥተን ነው ያዳንናት። የእኔ ችካል የተተከለው ደግሞ ከሁሉም ታች፣ ከወንዙ ዳር ነው።»

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ተናገሪያ!» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝና «ጊዜው ሲደርስ» ብላ ጣሳውን ተቀበለችኝ። ምን ለማለት እንደፈለገች ያን ጊዜ አልገባኝም። ለሌሎች «ተናገሪ» ማለት ለእኔ እንዴት ቀላል እንደሆነ ግን ገባኝ፤ አፈርኩ።

ሁለት ሰዓት ላይ ስብሰባው ተጀመረ። ጓድ ታዬ ተነሥቶ መፈክር አሰማ፤ ሰዉም እጁን አነሣ፣ አወረደ። ከዚያ ስለ መንደር ጥቅም ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ትምህርት ቤት ይቀርባል፣ ክሊኒክ ይቀርባል፣ የቧንቧ ውኃ ይገባል። አንድ በአንድ አስተረጎምኩ። ወንዶቹ ሣሩ ላይ በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ከኋላ ናቸው። ፊት ለፊት መሀል ላይ ኦቦ ዲንሳ የሚባሉ ሽማግሌ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል።

«አሁን መድረኩ ክፍት ነው። አስተያየት ያለው?» አለ ጓድ ታዬ።

አስተረጎምኩ። ዝም።

«ጥያቄ ያለው?»

ዝም። አንድ ሰው ሳለ። ወዲያ ማዶ አህያ ጮኸች።

«ተቃውሞ ያለው?»

አሁንም ዝም። አዴ ጫልቱን ፈልጌ አየኋት። ከንፈሯን ነክሳ ትመለከታለች፤ የምትመለከተው ግን ጓድ ታዬን አይደለም፣ እኔንም አይደለም። ኦቦ ዲንሳን ነው። ዓይኔን ወደ ሌሎቹ አዞርኩ። ሁሉም ኦቦ ዲንሳን ያያሉ። ኦቦ ዲንሳ ደግሞ ዱላቸውን ያያሉ።

ጓድ ታዬ ሰዓቱን ተመለከተና ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «ተቃዋሚ የለም። ጻፊ፤ ‹አርሶ አደሩ በሰፊው ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ ተቀብሎታል›» አለኝ።

እስክሪብቶዬን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። «አርሶ አደሩ በሰፊው» ብዬ ጻፍኩ። እዚያ ላይ እጄ ቆመ።

የቆመበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን ግቢ ውስጥ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ለእርቅ ይሰበሰቡ ነበር። እኛ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለን እናያለን። ተጣልቶ ደሙ የፈላ ሰው እንኳን ቢሆን፣ የጉባኤው ታላቅ ተነሥቶ ሳይመርቅ ቃል አይተነፍስም። ሽማግሌው ይመርቃል፣ ሰዉ በአንድ ድምፅ «ሀዬ፣ ሀዬ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጉባኤ የሚባለው። ከዚያ በፊት የተሰበሰበው ሰው ገበያ እንደወጣ ሰው ነው። መናገር ነውር ነው፤ ታላቁን መዝለል ነው።

እነዚህ ሰዎች አልተስማሙም። አልተቃወሙምም። ስብሰባው እስኪጀመር እየጠበቁ ነው! እኛ አንድ ሰዓት ሙሉ ስንናገር፣ እነሱ ገና «መቼ ነው የሚከፈተው?» እያሉ ነው። ጓድ ታዬ ይህን አያውቅም። ኦቦ ዲንሳ ደግሞ ካልተጠየቁ ተነሥተው አይመርቁም፤ ምርቃት ኋላ ቀር ነው ተብሎ ስንት ጊዜ ተነግሯቸዋል። እዚያ ግቢ ውስጥ ሁለቱንም ወገን የማውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

የለመድኩት ጣጣዬ መጣ፤ የምናገረውን ማሳመር ጀመርኩ። መጀመሪያ ይቅርታ ልበል፣ ከዚያ ስለ ባህሉ ላስረዳ፣ ከዚያ... ጓድ ታዬ ወረቀቱን ሊሰበስብ እጁን ሲዘረጋ አየሁ። ያማረው ንግግር በዚያው ቀረ። ብድግ አልኩ። ወንበሬ ወደ ኋላ ወደቀ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ!»

የዚያን ዘመን ስብሰባ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል። ሰብሳቢ እንኳን ቢሆን ዘልሎት አያልፍም። ይህን ደንብ በስንት ቃለ ጉባኤ ላይ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ አንድ ቀን ለራሴ ይጠቅመኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ጓድ ታዬ አፉን ከፍቶ አየኝ። «ቃለ ጉባኤ ያዥ ድምፅ የላትም» አለ።

«ድምፅ አልጠየቅሁም። ስብሰባው አልተከፈተም ነው የምለው።»

«ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ታዲያ ምን ስናደርግ ነበር?»

«እኛ ከፍተናል። እነሱ አልከፈቱም።»

በአጭሩ ነገርኩት። በዚህ አገር ታላቅ ሳይመርቅ ማንም አይናገርም፤ ዝም ያሉት ለዚህ ነው፤ ኦቦ ዲንሳ ይመርቁ፣ ከዚያ መድረኩን ይክፈቱ፤ ሌላ የምጠይቀው የለም አልኩ።

ጎንበስ ብሎ፣ «ወይንሸት፣ ዛሬ ምን ነካሽ? ነገ ሪፖርት ይጠበቅብኛል እኮ» አለኝ በሹክሹክታ። የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የተጨነቀ ሰው ድምፅ ነበር። እሱም እንደ እኔ የሚፈራው ሰው እንዳለው ያኔ ገባኝ።

«ሪፖርቱ የገበሬ ማኅበሩን ኮሚቴ ፊርማ ይፈልጋል። ሳይናገሩ አይፈርሙም» አልኩት።

ሰዓቱን አየ። «አምስት ደቂቃ» አለ።

ወደ ኦቦ ዲንሳ ዞሬ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ በኦሮምኛ ጉባኤውን እንዲመርቁልን ለመንኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ዱላቸውን ተመርኩዘው ቀስ ብለው ተነሡ። ሰዉ ሁሉ አብሮ ተንቀሳቀሰ፤ ያነጠፈው ነጠላውን ሰበሰበ፣ የተጋደመው ተቃንቶ ተቀመጠ።

«ሰላም ውለን ሰላም እንደር» አሉ ኦቦ ዲንሳ።

«ሀዬ!» አለ ግቢው በሙሉ።

«ዝናቡ የሰላም ይሁን። ከብቱ ይርባ። የመጣው እንግዳ በሰላም ይመለስ።»

«ሀዬ! ሀዬ!»

ያ ሁሉ ሰው ድምፅ ነበረው! ጓድ ታዬ ደንግጦ ወንበሩ ላይ ቀጥ አለ።

ምርቃቱ ሲያበቃ ኦቦ ዲንሳ አልተቀመጡም። «ነገሩ ከሁሉ በፊት የሚነካው ሰው ይቅደም» አሉና በዱላቸው ወደ ኋላ ጠቆሙ። «ጫልቱ፣ ተናገሪ።»

አዴ ጫልቱ ከሴቶቹ መሀል ተነሣች። ለእኔ የነገረችኝን ሁሉ ተናገረች። ስለ ቤቷ፣ ስለ አማቷ፣ ስለ ሐምሌ። እሷ ስትጨርስ ሌላው ቀጠለ፤ በክረምት በሜዳው ፈረስ አይሻገርም አለ። ሌላው ተነሣ፤ ጥጃ የሰጠመበትን ቦታ ጠቆመ። ሁሉም በተራ ይነሣል፣ አጭር ይናገራል፣ ይቀመጣል። ከአፍ አፍ የሚነጥቅ የለም። በእኛ የውይይት ክበብ እንዲያ ያለ ሥርዓት አይቼ አላውቅም። እኔም ሳስተረጉም ጉሮሮዬ ደረቀ።

ጓድ ታዬ ግን አላመነም። «መንደር መግባት ስላልፈለጉ ነው። ሜዳው እኮ ደረቅ ነው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ!» አለ።

መንደሩን ራሱን እንዳልፈለጉት እርግጥ ነው፤ ማን ከአባቱ ቤት መነቀል ይወዳል? እሱ ግን ከእኛ በላይ ያለቀ ጉዳይ ነበር፤ እነሱም ያውቁታል። የሚከራከሩት ልጆቻቸው የት እንደሚያድሩ ነበር።

አስተረጎምኩላቸው። ኦቦ ዲንሳ ፈገግ አሉ። «እሱ እውነቱን ነው፣ ዛሬ ደረቅ ነው። እንግዲያው ወርደን እንቆፍራ» አሉ።

ወረድን። ስብሰባው በሙሉ፣ ከእነ ደብተሬ፣ ወደ ሜዳው ወረደ። አንድ ጎልማሳ የአዴ ጫልቱ ችካል ከተተከለበት ላይ ዶማውን አሳረፈ። ላዩ ተሰነጣጥቆ እንደ ሸክላ ጠንክሯል። ጓድ ታዬ እጁን አጣምሮ «አላልኩም?» በሚል ዓይን አየኝ። እኔም መጠራጠር ጀመርኩ፤ ያ የዝውውር ደብዳቤ ከእነ ግልባጩ ዓይኔ ላይ መጣ።

ጎልማሳው እስከ ጉልበቱ ቆፈረ። አፈሩ እየጠቆረ፣ እየተጣበቀ መጣ፤ ኮቲቻ የሚሉት ዶማ የማይለቅ ጥቁር ጭቃ ነው። እስከ ወገቡ ሲደርስ ቆመና ከጉድጓዱ ወጣ። ሁላችንም ከበን ጎንበስ አልን። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ የጉድጓዱ ወለል ማብለጭለጭ ጀመረ። ከዚያ ውኃው ከሁለቱም ጎን እያዠ መጥቶ ተጠራቀመ።

ጓድ ታዬ ተንበረከከ። እጁን ሰዶ ነካው። ጣቶቹን አይቶ ቀና አለ።

«በየካቲት?» አለ።

ማስተርጎም አላስፈለገም።

ሲነሣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ጭቃ ነበር፤ አላራገፈውም። «ታዲያ የት ይሁን?» ብሎ ጠየቀ። ይህን ጥያቄ በኦሮምኛ ስናገር እንባዬ መጣ፤ ከጠዋት ጀምሮ እውነተኛ ጥያቄ ሲጠየቁ የመጀመሪያው ነበር።

ሰዉ በአንድ እጅ ወደ ላይ ጠቆመ። የጠቆመው ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለውን ቀይ አፈር ተዳፋት ነው። ውኃ አይቆምበትም፤ ምንጩም ቅርብ ነው። ከአስፋልቱ ግን አይታይም። ጓድ ታዬ ወደ መንገዱ አየ፣ ወደ ጉድጓዱ አየ፣ «ይሁን» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩት! ማንም ሳያዝ ሰዉ ሜዳው ላይ ተበተነና ችካሉን መንቀል ጀመረ። ወንዱም ሴቱም እየነቀለ፣ ትከሻው ላይ እያደረገ፣ እየዘፈነ ወደ ተዳፋቱ ወጣ። አዴ ጫልቱ የራሷን ችካል በሁለት እጇ ነቅላ፣ ጭቃውን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ከሁሉም ቀድማ ወጣች። እኔም በባለ ተረከዝ ጫማዬ ሁለት ችካል ተሸክሜ እየተንሸራተትኩ ተከተልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ችካል በአዲሱ ቦታ የመታው ጓድ ታዬ ነው። መትቶም ንግግር አደረገ፤ ቦታው «በጥልቅ ጥናት» መመረጡን ገለጸ። ጻፊ አለኝ፣ ጻፍኩ። የማን ጥናት እንደሆነ እዚያ ያልነበረ ይጠይቅ። «አርሶ አደሩ በሰፊው» ካልኩበት ቀጥዬ «ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ» ስል ግን እስክሪብቶዬ አላመነታም። ኮሚቴው ፈረመ፤ መጻፍ የማይችለው በጣቱ ፈረመ።

ስንመለስ የጉደርን ድልድይ እንዳለፍን ጓድ ታዬ ዞር ብሎ፣ «ለመሆኑ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«እናንተው ናችሁ። ስትናገሩ ስጽፍ ነው የኖርኩት» አልኩት። ሳቀ። የዝውውር ደብዳቤም አልመጣብኝም።

በሐምሌ ወር የሥራ ጉዞ አጋጠመኝና በዚያ በኩል አለፍኩ። ሾፌሩን ለምኜ ወረድኩ፤ ዝናብ እየደበደበኝ ወደ ተዳፋቱ ወጣሁ። አዴ ጫልቱ ከቤቷ እየሮጠች መጥታ እጄን ያዘችኝ፤ ሳትስመኝ በፊት ፊቴን ወደ ታች አዞረችው። ሜዳው የለም። ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ውኃ ነው፤ መሀል ላይ ዳክዬዎች ይዋኛሉ።

«ያን ቀን ባትነሺ ይኼኔ ከእነሱ ጋር ነበርኩ» አለችኝ። ሁለታችንም ዝናቡ ውስጥ ቆመን እስኪያመን ሳቅን። ከቤቷ የልጆቿ ድምፅ ይሰማል፤ በማንኪያ ይጣላሉ።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ መንደሩ ፈረሰ፤ ሰዉም ወደየጥንት ቦታው ተመለሰ። እኔም ከዚያ ወዲህ በብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ በወላጆች ኮሚቴ፣ በዕድር፣ በመሥሪያ ቤት። አሁን ሰብሳቢ ሰዓት እያሳየኝ «ወይዘሮ ወይንሸት፣ ያሳጥሩልን» የሚለኝ ሰው ሆኛለሁ። ሰው ዝም ሲል ግን ቶሎ «ተስማምቷል» አልልም። ምን እየጠበቀ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።

ስንት ሺህ ገጽ ጽፌ ጡረታ እንደወጣሁ እንጃ። አብዛኛው የማንን ሕይወት እንደነካ አላውቅም። ያ ውኃ ግን በዚያ ክረምት ባዶ ሜዳ ላይ እንደተኛ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የማንንም ደጅ አላንኳኳም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እኮራለሁ፤ ኩራቴንም አልደብቅም።